የፖስታ ሳጥን፣ አውቶቡስ፣ የቡና ጭስ፦ በጀርመን ገጠር መኖርን ስለ መልመድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከከተማ ርቃችሁ፣ ጥቂት መቶ ሰው በሚኖርበት መንደር የተመደባችሁ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «ለምን እዚህ?» ዘመድ ፍራንክፈርት ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ኮሎኝ፣ ሥራው ሽቱትጋርት። እናንተ ደግሞ በበቆሎ ማሳና በላም በረት መሃል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል፤ የጥገኝነት ኢንተርቪው ላይ ያበላሸው ነገር ያለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሒሳብ ነው። ጥገኝነት ጠያቂ በአሥራ ስድስቱ የጀርመን ክልሎች የሚደለደለው የኮኒግሽታይን ቀመር በሚባል ስሌት ነው። ሁለት ሦስተኛው የክልሉን የግብር ገቢ፣ አንድ ሦስተኛው የሕዝቡን ብዛት ያያል። በዚህ ስሌት ኖርድራይን ቬስትፋለን ወደ 21 በመቶ፣ ባየርን ወደ 15 በመቶ ተኩል፣ በርሊን 5 በመቶ ገደማ ይደርሳቸዋል። የሚገርመው፣ ቀመሩ በ1949 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) የተፈጠረው ክልሎቹ የሳይንስ ምርምርን ወጪ እንዲካፈሉበት ነበር።

ክልሉ ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ ያከፋፍላል፤ ቀበሌው ባዶ ቤት ባገኘበት ያስገባል። በ2015 በአንድ ዓመት ወደ 890 ሺህ ሰው ሲገባ ባዶ ቤት በብዛት የተገኘው ገጠር ነበር፦ እንግዳ ያጣ ሆቴል፣ ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱበት የገበሬ ቤት፣ ቄስ የማይኖርበት የቄስ ቤት። «ፖዚቲቭ» (የጥገኝነት ፈቃድ) ካገኛችሁም በኋላ ወዲያው መሄድ አይቻልም። ከነሐሴ 2016 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ የተፈቀደለት ሰው ሦስት ዓመት በተመደበበት ክልል እንዲኖር ያስገድዳል፤ አንዳንድ ክልል ግዴታውን እስከ ወረዳና ቀበሌ ያጠብበዋል። ግዴታው የሚነሳው በሳምንት ቢያንስ 15 ሰዓት፣ ማኅበራዊ ዋስትና የሚከፈልበትና ለአንድ ሰው መተዳደሪያ የሚበቃ ሥራ ሲገኝ፣ ወይም አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ወይም ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር፣ ወይም የትዳር ጓደኛ ሌላ ቦታ ይህን ሲያሟላ ነው። ማመልከቻው ለአውስላንደር ቤሆርደ (ለውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ) ይገባል። ዕቃ ጭኖ ከሄዱ በኋላ ማመልከት ግን ነገር ያበላሻል፤ አዲሱ ከተማ ያለው ጆብ ሴንተር (የመተዳደሪያ ገንዘብ የሚሰጠው ቢሮ) «የእኔ አይደለህም» ይላል፣ የድሮው ደግሞ «ሄደሃል» ይላል፣ ሰውየው መሃል ላይ ያለ ኪራይ ይቀራል።

ስለ መዋሃድ በቴሌቪዥን ሲወራ ስለ ባህልና ስለ እሴት ነው የሚወራው። መንደር ውስጥ ያየነው ግን ሌላ ነው። ሰው ከመንደር ጋር የሚጣላው ወይም ተስፋ የሚቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ ጠፍቶበት፣ አውቶቡስ አምልጦት፣ ግድግዳው ሻግቶበት ነው። ስለዚህ ከእነሱ እንጀምር።

ከፖስታ ሳጥኑ። የአበሻ ስም ለጀርመን ፖስታ አይመችም። አንድ ቤተሰብ እንውሰድ፦ እናት ሰላማዊት ተስፋዬ፣ አባት ዳዊት መኮንን፣ ልጅ ማርታ ዳዊት። በጀርመን መዝገብ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ስለሚጻፍ በአንድ ቤት ሦስት «ቤተሰብ» አለ፦ ተስፋዬ፣ መኮንን፣ ዳዊት። ሳጥኑ ላይ «መኮንን» ብቻ ከተለጠፈ ለሰላማዊት የሚመጣው ደብዳቤ «ተቀባዩ አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። ፖስተኛዋ መንደሩን ሁሉ ብታውቅም ሥርዓቱ የሚያዛት በሳጥኑ ላይ ባለው ስም ነው። ሦስቱንም ስሞች በላቲን ፊደል፣ በመታወቂያው ላይ ባለው አጻጻፍ ፊደል በፊደል ጻፉ። አንዱ ወረቀት ላይ «ተስፋዬ» በሌላው «ተስፋይ» ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ። ወረቀቱ በዝናብ እንዳይረጥብ በላዩ ላይ ስኮች ለጥፉበት። ሃይም (የስደተኞች የጋራ መኖሪያ) ውስጥ ላላችሁ ደግሞ ቢሮው በር ላይ የሚለጠፈውን የስም ዝርዝር በየቀኑ እዩ፤ ቅዳሜንም ጭምር።

ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የጥገኝነት ሕጉ አንቀጽ 10 እንደሚለው፣ ባለሥልጣኑ በሚያውቀው የመጨረሻ አድራሻ የተላከ ደብዳቤ «አልተገኘም» ተብሎ ቢመለስ እንኳ እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ቀኑ መቁጠር ይጀምራል፤ እናንተ ደግሞ ምንም አላያችሁም። አድራሻ የቀየረ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄዶ መመዝገብ አለበት፣ አከራዩ የፈረመውን የመኖሪያ ማረጋገጫ ይዞ። ግን ቀበሌው ለጥገኝነት መሥሪያ ቤቱ (ለባምፍ) ወይም ለፍርድ ቤቱ ይነግርልኛል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ለእነሱም በየፊናው መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው።

ከባምፍ ወይም ከፍርድ ቤት ቢጫ ፖስታ ከመጣ ፖስታውን አትጣሉት። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን በእስክሪብቶ የጻፈው ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ሳይሆን በራሱ በፖስታው ላይ ነው፤ ቀነ ገደቡም የሚቆጠረው ከዚያ ነው። በእጅ ተቀበላችሁትም ሳጥን ውስጥ ተጣለ ለውጥ የለውም። ፎቶ አንሱት፣ ከደብዳቤው ጋር በስቴፕለር አያይዙት። «ኔጋቲቭ» ከሆነ ለፍርድ ቤት አቤት የማለቻው ጊዜ የተለመደው ሁለት ሳምንት ነው፤ «በግልጽ መሠረተ ቢስ» የሚል ቃል ከታከለበት አንድ ሳምንት። ሕጉ ስለሚለዋወጥ ሁልጊዜ የሚታመነው በደብዳቤው መጨረሻ ያለው የአቤቱታ ማስታወቂያ ነው። የጆብ ሴንተር ወይም የሶሻል (የማኅበራዊ ዕርዳታ ቢሮ) ውሳኔ ላይ ግን መቃወሚያ የሚገባው በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ከ2025 ወዲህ ተራ ደብዳቤ ከተላከ በአራተኛው ቀን እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ለመቃወም ጠበቃም ጥሩ ጀርመንኛም አያስፈልግም። የውሳኔው ቀንና ቁጥር፣ «እቃወማለሁ፣ ምክንያቱን በኋላ አቀርባለሁ» የሚል አንድ መስመር፣ ፊርማ። ከዚያ ቢሮው ሄዳችሁ ቅጂው ላይ ማኅተም ማስመታት።

አውቶቡሱ ደግሞ የባሰ ነው። የመንደር አውቶቡስ በእውነቱ የተማሪ አውቶቡስ ነው፤ ጠዋት ልጆቹን ይወስዳል፣ ቀትር ላይ ይመልሳል፣ ትምህርት ሲዘጋ ግማሹ ይቀራል። የጊዜ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ «በትምህርት ቀን ብቻ» ማለት ናት። እሷን ሳያዩ በነሐሴ ጠዋት ፌርማታ ላይ አንድ ሰዓት የሚቆሙ ብዙ ናቸው። በአንዳንድ አካባቢ «ሩፍቡስ» አለ፦ ሰሌዳው ላይ ይታያል፣ ግን ካልደወላችሁ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት መደወል ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ጋ ከዋዜማው።

ሰዓቱን ማንበብም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ጎረቤታችሁ አውቶቡሱ «ሃልብ አኽት» ላይ ነው ትላለች። ቃል በቃል «ግማሽ ስምንት»። አበሻ ጆሮ «ስምንት ተኩል» ብሎ ይሰማውና 8፡30 ላይ ይደርሳል። እሷ ያለችው ወደ ስምንት የሚሄደው ሰዓት ተጋምሷል ነው፤ 7፡30። በደቡብ ምዕራቡ በሽቫበንና በምሥራቅ ጀርመን ደግሞ «ፊርትል አኽት» ይላሉ፤ እንደ እኛ «ለስምንት ሩብ ጉዳይ» ይመስላል፣ ነገር ግን 7፡15 ነው። 7፡45 ሲሆን «ድራይፊርትል አኽት» ይሉታል። በዚያ ላይ እኛ የራሳችን አቆጣጠር አለን፤ «አንድ ተኩል ላይ እንገናኝ» ተባብለው አንዱ በማለዳ ሌላው ከምሳ በኋላ በ13፡30 የሚመጣበት ጊዜ አለ። በየሰዓቱ አውቶቡስ ባለበት ከተማ ይህ ቀልድ ነው፤ ቀጣዩ አውቶቡስ 12፡50 ላይ በሆነበት መንደር ግን ቀጠሮ ያስመልጣል፣ የጆብ ሴንተር ቅነሳ ያመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልካችሁ ላይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ቁጥሩን ጽፋችሁ አሳዩዋት፣ እሷ ራሷ ትነቅንቅ።

በመላ ጀርመን በአካባቢ አውቶቡስና ባቡር የሚያስኬደው ወርሃዊ «ዶይችላንድ ቲኬት» በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ ተጀመረ፤ በ2025 58፣ በ2026 63 ዩሮ ሆነ። ማቆም የሚፈልግ እስከ ወሩ 10 ድረስ መሰረዝ አለበት፣ አለዚያ የሚቀጥለው ወርም ይቆረጣል። ለኮርስ የምትመላለሱና ከክፍያ ነፃ የተደረጋችሁ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ከቤታችሁ ቢያንስ 3 ኪሎ ሜትር ከራቀ የመጓጓዣ ገንዘብ ይሰጣችኋል፤ ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አያስታውሳችሁም።

መንጃ ፈቃድ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ገጠር ውስጥ የሥራ ዕቃ ነው። ዳቦ ቤት ሥራው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል፣ እርድ ቤት በአሥራ አንድ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ የጠዋት ተረኛ በአሥራ ሁለት ይረከባል (በእኛ አቆጣጠር ነው ያልኩት)፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ኑሮ ከመሠረታችሁ በኋላ የሚያገለግለው ስድስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉንም መንዳቱንም መፈተን ግድ ነው። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፦ የመንጃ ፈቃዱ ጊዜ ካላለፈ የግዴታ የትምህርት ሰዓት አይጠየቅም፤ በቀጥታ ለፈተና መቅረብ ይቻላል። የዓይን ምርመራ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ኮርስና የመንጃ ፈቃዱ ትርጉም ያስፈልጋሉ። ፈተናው በአሥራ ሁለት የውጭ ቋንቋ ይሰጣል፤ ዐረብኛና እንግሊዝኛ አሉበት፣ አማርኛና ትግርኛ የሉበትም። እንግሊዝኛ የሚችል በእንግሊዝኛ ይፈተን፤ በጀርመንኛ መፈተን ክብር አይጨምርም። መንዳቱን በተመለከተ ግን ያለ ጥቂት የልምምድ ሰዓት መቅረብ ገንዘብ መጣል ነው። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እዚህ የሚወድቀው ያለ ምልክት መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቀኝ ለመጣው ባለማሳለፉና አንገቱን አዙሮ ትከሻው ኋላ ባለማየቱ ነው።

ወደ ኮርሱ። የኢንተግራሲዮን ኮርስ 600 ሰዓት ቋንቋና 100 ሰዓት ስለ ሀገሪቱ ነው፤ «ሰዓት» ሲባል 45 ደቂቃ። መጨረሻ ላይ 33 ጥያቄ ይመጣል፣ 15 ያገኘ ያልፋል፤ ለዜግነት የሚፈልገው 17 ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ የሚጎዳበት ነገር አለ። በምደባ ፈተናው ላይ በላቲን ፊደል ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው «አይጽፍም» ተብሎ ፊደል ከሚቆጥሩት ጋር ይደባለቃል። አሥራ ሁለት ዓመት በግእዝ ፊደል የተማረ ሰው ማይም አይደለም። ሁለተኛ ፊደል ለሚማሩ የተዘጋጀ የራሱ ኮርስ አለ፤ «ጽቫይትሽሪፍትለርነንደ» ይባላል። በትንሽ ከተማ ብዙ ጊዜ አይከፈትም፣ ሰው ስለማይሞላ። ቢሆንም ፈታኙ ፊት የአማርኛ ጽሑፍ በፍጥነት ጽፎ ማሳየት ምደባውን የሚለውጥበት ጊዜ አለ።

ኮርሱ የሚያስተምረው ጀርመንኛና መንደሩ የሚናገረው ጀርመንኛ ደግሞ አንድ አይደሉም። በሽቫበን «ጊዜ የለኝም» ለማለት «ኢ ሃን ኮይ ጻይት» ይላሉ፤ መጽሐፉ «ኢኽ ሃበ ካይነ ጻይት» ነው ያለው። መጀመሪያ ላይ ተማሪው ኮርሱን ይጠራጠራል። አንዳንዱ ቃል ግን ለእኛ ይቀርበናል። ኮርስ ላይ «ፉስ» ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው፣ «ባይን» ከላይ ያለው ነው ብለው ያደክሙናል። ሽቫቡ ገበሬ ግን «ፉሴን አመመኝ» ሲል ከዳሌው ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ልክ እንደ እኛ «እግር»። ችግሩ ሐኪሙ ከሌላ ክልል የመጣ እንደሆነ ነው። ሐኪም ቤት ሁልጊዜ በጣት ማሳየት ይሻላል።

ቤቱ። የአበሻ ወጥ ሽንኩርቱ ሳይቸኩል ነው የሚበስለው፤ ለአንድ ድስት ሁለት ሰዓት እንፋሎት ይወጣል። በዚያ ላይ የእንጀራ ምጣድ፣ በዚያ ላይ ቤት ውስጥ የሚሰጣ ልብስ። አዲሶቹ የጀርመን መስኮቶች አየር አያሳልፉም፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን የውጭ ግድግዳ ጥግ ፈልጎ እዚያ ውኃ ይሆናል፣ በሁለተኛው ወር ቁም ሣጥኑ ኋላ ጥቁር ሻጋታ ይታያል። አከራዩ «በአያያዝ የመጣ ነው» ይላል፣ ከተያዘው ገንዘብም ሊቆርጥ ይሞክራል። መፍትሔው መስኮቱን በከፊል አዘንብሎ ቀኑን ሙሉ መተው አይደለም፤ ያ ግድግዳውን ያቀዘቅዛል፣ ሙቀቱን ያባክናል። ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ከተቻለ ትይዩውንም ከፍቶ፣ በክረምት አምስት ደቂቃ፣ በጸደይ አሥር፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ወጥ ሲሠራ የኩሽናው በር ይዘጋ፣ ሲያልቅ ይከፈት። ቁም ሣጥን ከውጭ ግድግዳ አንድ እጅ ያህል ይራቅ። ቤት በገባችሁበት ቀን የግድግዳውን ጥጎች ፎቶ አንሱ፤ ሻጋታው ከእናንተ በፊት ከነበረ ማስረጃው ያ ነው። የሚያዘው ገንዘብ ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ አይበልጥም፤ በሦስት ተከፍሎ የመክፈል መብትም አላችሁ።

ምጣድ ከሀገር ቤት ላስመጣችሁ፦ ትልቁ የአዲስ አበባ ምጣድ ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። የጀርመን ሶኬት ፊውዝ 16 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት 3680 ዋት ይሆናል። ፍሪጅና ምድጃ አብረው ካሉበት ይጥላል። ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ለ120 ቮልት የተሠራ ነውና በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል።

አሁን ቡናው። በጀርመን ሁሉም ክልሎች መኝታ ቤትና ኮሪደር ላይ የጭስ ጠቋሚ ግዴታ ነው። በግል ቤት ቢጮህ ለጎረቤት ጆሮ ነው ጉዳቱ። ብዙ ሃይሞች ውስጥ ግን ጠቋሚው ከእሳት አደጋ ማዕከሉ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡናው መንጣጣት ጀምሮ ጭሱ ሲነሳ ጠቋሚው ይጮኻል፣ ከዚያ በመንደሩ ሁሉ የፈቃደኞቹ ጥሪ መሣሪያ ይጮኻል። መንደር ውስጥ ደሞዝተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የለም። የሚመጣው ዱቄቱን ያላራገፈ ጋጋሪ፣ ትራክተሩን ማሳ ላይ ያቆመ ገበሬ፣ ከሠራተኞቹ ተነጥሎ የሮጠ አናጺ ነው፤ ነገ ሥራ የምትጠይቁት ምናልባት እሱን ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን ይስቃሉ። አራተኛው ላይ አይስቁም፣ ቀበሌውም ሒሳብ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ቡናው በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ በትንሽ ጋዝ ይቆላ፤ በአንድ ጊዜ ከመቶ ግራም አይብለጥ። ጠቋሚውን በፌስታል መሸፈን የሚባል ነገር አለ፤ ይህን አታድርጉ፣ ሌሊት የሚያነቃችሁ እሱ ብቻ ነው። የዕጣኑን ከሰል ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታቀጣጥሉ፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ እነዚህ ቤቶች ደግሞ እንደ ጎጆ አይተነፍሱም።

ቆሻሻውን ቶሎ እናልፈዋለን፤ የየወረዳው ደንብ ይለያያል። ቢጫው ለማሸጊያ፣ ሰማያዊው ለወረቀት፣ ቡናማው ለምግብ ትራፊና ለቡና አተላ፣ ግራጫው ለቀሪው። ጠርሙስ በቀለሙ ተለይቶ፣ እሑድ አይጣልም። የቀን መቁጠሪያውን ከፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ቢጫውን ከረጢት ከዋዜማው ማታ በፊት አታውጡት፤ ድመትና ቀበሮ ቀድደው መንገዱ ላይ ይበትኑታል፣ መንደሩም የማን እንደሆነ ያውቃል።

መንደሩ ሁሉን ያውቃል። ይህ የገጠር ጥሩውም ክፉውም ነው። ከተማ ውስጥ ሰላም ማለት ያስገርማል፤ መንደር ውስጥ ሰላም አለማለት ያስቀይማል። ባየርን ላይ «ግሩስ ጎት»፣ ሰሜን ላይ «ሞይን»፤ ቀንም ማታም። በዚህ በኩል ገጠር ያደገ አበሻ ከበርሊን ከመጣ ጀርመናዊ ይበልጣል። «ዚ» እና «ዱ» ም ለእኛ አያስቸግርም፤ «እርስዎ» እና «አንተ» እያልን ያደግን ነን። መንደር ውስጥ ግን ቶሎ «ዱ» ይሏችኋል፤ ንቀት አይደለም። መጀመሪያ «ዱ» የሚለው ግን ትልቁ ነው፤ እሱን ጠብቁ።

ይሉኝታ ግን ያስርበናል። ጎረቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቡናና ኬክ ትጠራለች። ኬክ ታቀርባለች፣ እንግዳዋ በሥርዓቷ «አይ፣ ይቅርብኝ» ትላለች፣ «በሞቴ» እስክትባል እየጠበቀች። ጀርመናዊቷ ሁለተኛ አትጠይቅም፤ አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው፣ መጫን ነውር ነው። ሳህኑን ታነሳለች። አንዷ ተርባ ትሄዳለች፣ ሌላዋ «ኬኬን አልወደደችውም» ብላ ትከፋለች። ከመጀመሪያው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ይበቃል። እናንተም ስትጋብዙ ሦስተኛ ጊዜ አትጫኑ፤ ጉርሻውንም ለምን እንደሆነ ከነገራችሁ በኋላ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ወይም ሁዳዴ ላይ ከሆናችሁ «ጾም ነኝ» ብላችሁ አትድከሙ፤ ጀርመኑ ጾም ሲባል ጭራሽ አለመብላት ይመስለዋል። «ዛሬ ቪጋን ነኝ» በሉ፤ ወዲያው ይገባቸዋል፣ እንዲያውም በአጃ ወተት የተሠራ ይፈልጉላችኋል። አሳማ ስለማንበላ ብቻ ሙስሊም አድርገው የሚያስቡም አሉ። ክርስቲያንም ሙስሊምም አሳማ የማይበላበት ሀገር እንዳለ መስማታቸው ራሱ የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ነው።

እዚህ መሃል ለተቀመጣችሁት ረዳቶች አንድ ነገር ልበል። አማርኛ ተናጋሪ «እሺ» ሲላችሁ ተስማማሁ ወይም ገባኝ ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ አክብሬ ሰማሁ ማለት ሊሆን ይችላል። «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ነገ በስንት ሰዓት የት ትሄዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰውን ወረቀት ቤታችሁ አታስቀምጡ። ልጅን አስተርጓሚ አድርጋችሁ ሐኪም ቤት አትውሰዱ፤ የእናቷን በሽታ ስም መጀመሪያ የምትሰማ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መሆን የለባትም።

ፌርአይን የሚባለውን የመንደር ማኅበር ብዙዎቻችሁ ትፈሩታላችሁ። እድርን የሚያውቅ ሰው ሊፈራው አይገባም። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ወርሃዊ ወይም ዓመታዊ መዋጮ አለው፣ በዓመት አንዴ ጠቅላላ ጉባኤ አለው፣ ለመመዝገብም ቢያንስ ሰባት አባል ይጠይቃል። ልዩነቱ የቀረ ሰው አይቀጣም፤ ግን ይታያል። ድግስ ሲኖር ዋናው ሥራ መብላቱ ሳይሆን ወንበር መደርደርና በማግስቱ ማንሳት ነው፤ ልክ እንደ እድር ድንኳን። ወንበር ያነሳ ሰው ስሙ ይያዛል። ሥራና የሚከራይ ቤት መንደር ውስጥ ጋዜጣ ላይ ሳይወጡ የሚያልቁት በዚህ በኩል ነው።

በመላ ሀገሪቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ የፈቃደኛ እሳት አደጋ አባል አለ፤ ደሞዝተኛ ብርጌድ ያላቸው ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ከተሞች ብቻ ናቸው። ዜግነት አይጠየቅም በአብዛኛው፤ የሚጠየቀው ጤንነት፣ ትእዛዝ ለመስማት የሚበቃ ቋንቋና በልምምድ ማታ አለመቅረት ነው። ሥልጠናው ነፃ ነው። ኳስ የሚጫወቱ ደግሞ ከመለማመድ አይከለከሉም፤ ለውድድር ግን ከሀገር ቤት ፌዴሬሽን የዝውውር ፈቃድ ስለሚጠየቅ ሳምንታት ይወስዳል። አሰልጣኙ የመጀመሪያዎቹን እሑዶች ተቀያሪ እንኳ ያላደረጋችሁ ጠልቷችሁ ላይሆን ይችላል።

ጥላቻም አለ፤ አንሸፋፍነውም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችሁ የማይቀመጡ፣ ስልክ ላይ ስማችሁን ሲሰሙ «ቤቱ ተይዟል» የሚሉ፣ ልጃችሁን ጸጉሯን የሚነኩ። ባቡር ላይ ሃያ ሰው መሃል መታወቂያ የተጠየቀው አንድ ጥቁር ብቻ ይሆናል። መንደር ውስጥ ሁሉ ስለሚተዋወቅ መክሰስ ያስፈራል። ቢያንስ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የተባለውን ቃል በዚያኑ ቀን ጻፉ፤ የክፍት ቤት ማስታወቂያውን ፎቶ አንሱ። በሥራና በቤት ኪራይ ላይ የደረሰ አድልዎን የሚመለከተው ሕግ ካሳ ለመጠየቅ የሚሰጠው ሁለት ወር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ተቆጥቶ፣ ተክዞ፣ ተጽናንቶ ወደ ምክር ቢሮ ሲመጣ ሁለት ወሩ አልፏል።

የጥሬ ገንዘብ ጉዳይም አለ። ከ2024 ጀምሮ በየክልሉ የገባው የጥገኝነት ጠያቂዎች የክፍያ ካርድ በባየርን በወር 50 ዩሮ ብቻ ነው ጥሬ የሚያስወጣው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያልፋል። መንደር ውስጥ ግን እንቁላል የሚሸጠው ገበሬው በር ላይ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ሳንቲም እየጣሉ ነው፤ የትምህርት ቤት ጉብኝት ሦስት ዩሮ በፖስታ ነው፤ ያገለገለ ብስክሌት ከጎረቤት በእጅ ነው። ሃምሳዋን ለእነዚህ አስቀምጡ፣ ሱፐርማርኬት ላይ አትጨርሷት።

ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ ይቀራል። የሚቀሩት መንጃ ፈቃድ ያወጡና ልጆቻቸው መዋለ ሕፃናት የገቡ ናቸው ማለት ይቻላል። ለምትሄዱት፦ ኪራይ ለማቆም ሦስት ወር አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል። በዋትስአፕ ወይም በኢሜይል የተጻፈ ማቋረጫ ዋጋ የለውም፤ በወረቀት ላይ፣ ውሉን የፈረማችሁት ሁሉ ባልም ሚስትም በእስክሪብቶ የፈረማችሁበት መሆን አለበት። አከራዩ እጅ የሚደርሰውም ወሩ በገባ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን ነው። በአራተኛው ከደረሰ አንድ ወር ኪራይ ይጨመራል። ራሳችሁ ወስዳችሁ ስጡት፤ እግረ መንገዳችሁንም አዲሱን አድራሻና በፖስታ ሳጥኑ ላይ የነበሩትን ሦስት ስሞች ጽፋችሁ ተዉለት፤ ዘግይቶ የሚመጣ ቢጫ ፖስታ አይጠፋም።